ለዕረፍት የመጣ የሚስዮናዊ ቤተሰብ ደጋፊ አጥቢያዎችን እንዴት ይጎብኝ?

ሚያዝያ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ከጂንካ፣ ከጋምቤላ፣ ከሞያሌ፣ አንዳንዴም ከድንበር ማዶ ይደወላል። ጥያቄው ያው ነው፦ «ክረምት ላይ ለዕረፍት ልንገባ ነው። የሚደግፉን አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። ከየት እንጀምር?» በአጥቢያችን የሚሽን ክፍል ስለማገለግል መልሱን በስልክ ስደጋግመው ኖሬያለሁ። አሁን በጽሑፍ ይኸው።

መመሪያው ከአገልግሎት ቦታቸው ከነልጆቻቸው ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ለሚወጡ ባልና ሚስት ነው። ያላገባችሁ አገልጋዮች የልጆቹን ክፍል ዝለሉት፤ ሌላው ይሠራላችኋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የምትይዙት

- የደጋፊዎች ደብተር። ለእያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ገጽ ስጡ፦ የሚሽን ክፍሉ ተጠሪ ስልክ፣ ቃል የተገባው ድጋፍ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኛችሁበት ቀን፣ ያኔ የነገራችኋቸው የጸሎት ርዕስ። ሽማግሌዎች ይቀያየራሉ። ባለፈው የተቀበላችሁ ሰው ዛሬ ኮሚቴው ውስጥ ላይኖር ይችላል።
- ከላኪያችሁ ቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። ለማያውቃችሁ ጸሐፊም፣ መንገድ ላይ ኬላ ቢያጋጥማችሁም ያገለግላል። ከመታወቂያችሁ ጋር ይሁን።
- ፎቶ በሁለት መልክ። ከ10 እስከ 12 የሚሆኑ በፍላሽ፣ ከእነሱም አራት ወይም አምስቱን በትልቁ የታተሙ። መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ የታተመው ነው።
- ፓወር ባንክና የፕሮጀክተር ገመድ። አጥቢያው ገመድ ቢኖረውም ከእናንተ ላፕቶፕ ጋር ላይገጥም ይችላል።
- የጸሎት ካርድ። የቤተሰቡ ፎቶና ሦስት የጸሎት ርዕሶች ይበቃሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ የምታገለግሉ ከሆነ የቦታውን ስም አትጻፉበት።
- ትንሽ የገንዘብ መዝገብ።
- የልጆች ቦርሳ፦ ቆሎ፣ ውኃ፣ መሳያ ወረቀትና ቀለም፣ ሹራብ። ጋምቤላ ያደገ ልጅ የአዲስ አበባን ሐምሌ አያውቀውም።
- የሁሉም የሕክምና ወረቀት።

1. ቀኑን ከሦስት ወር በፊት ቁረጡ

የምትወጡበትን ጊዜ ከላኪው ክፍል ጋር ተነጋገሩና በጽሑፍ ይያዝ። የአጥቢያዎች ፕሮግራም ቀድሞ ይሞላል። የኳየር ምሥረታ በዓል አለ፣ የጋብቻ ኮንፈረንስ አለ፣ ተጋባዥ አገልጋይ አለ። በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ የምታገኙት እሑድ ማንም ያልፈለገውን ነው።

ወቅቱንም አስቡበት። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ለልጆች ይመቻል። ለከተማ አጥቢያዎችም ጥሩ ነው። ገጠር ግን በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ጎተራውም የሚራቆትበት ጊዜ ነው። የገጠር አጥቢያዎችን ለማየት ጥርና የካቲት ይሻላሉ። አዝመራው ገብቷል፣ ቡና ያለበት አካባቢም ቡናው ተሽጧል፣ ሕዝቡም ለጉባኤ ይሰበሰባል። ሁለቱን በአንድ ዕረፍት ማዳረስ ካልቻላችሁ ለገጠሮቹ ከእናንተ አንዳችሁ ብቻ የምትሄዱበት አጭር የጥር ጉዞ ለዩ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በጀታቸውን ሐምሌ 1 የሚጀምሩ አጥቢያዎች የሚሽን ድጋፍ የሚወስኑት ከዚያ በፊት ነው። የጽሑፍ ሪፖርታችሁ ግንቦት ላይ እጃቸው ይግባ። ነሐሴ ላይ በአካል ብትቀርቡ በጀቱ ጸድቋል።

2. ከጉብኝቱ በፊት ዕረፍቱን አስምሩ

ካላንደሩ ላይ መጀመሪያ የሚሰመርባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትና የመጨረሻው ሳምንት ናቸው። በእነዚህ ስብከትም ሪፖርትም የለም። «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ የሚለምናችሁ መጋቢ አይጠፋም። ቀኑ ቀድሞ ከላኪው ክፍል ጋር የተያዘ ከሆነ «ተይዟል» ማለት ይቀላል። ሳያርፍ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ያማርራል። ሁለቱም ሰሚውን ያስጨንቃል።

በሁለቱ ሳምንታት የሚሠሩት ሥራዎች ሦስት ናቸው።

ወላጆችን ማየት። በሁለቱም በኩል፣ ከማንም በፊት። አገር ቤት መግባታችሁን እናታችሁ ከሌላ ሰው ከሰማች ቅያሜው ቶሎ አይበርድም።

ሐኪም ቤት መሄድ። ከወባማ አካባቢ የመጣችሁ ከሆነ ትኩሳት ሲነሳ «ብርዱ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወባ ቦታውን ከለቀቃችሁ ከሳምንታት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነትማ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይመለሳል። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ካርድ ስታወጡ ጀምሮ ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ።

ከላኪው ክፍል ጋር ዝግ ውይይት ማድረግ። የትዳር ጫና፣ ከባልደረባ ጋር የተፈጠረ ግጭት፣ ዕዳ፣ «እንመለስ ወይስ አንመለስ» የሚለው ጥያቄ የሚነገረው እዚህ ነው። እዚህ ያልተነገረ ነገር መድረክ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

3. ዝርዝሩን ደርድሩ፣ መንገዱን አስሉ

ሁለት ወር ውስጥ ስምንት ወይም ዘጠኝ እሑዶች አሉ። የዕረፍቱን ስትቀንሱ አምስት ወይም ስድስት ይቀራሉ። አሥር አጥቢያ ካላችሁ ለሁሉም እሑድ አይበቃም። ስለዚህ ለአንዳንዶቹ የሳምንቱን መሃል የጸሎት ፕሮግራም ጠይቁ። እኔ እንዲያውም የረቡዕ ማታዋን የጸሎት ስብስብ አበልጣለሁ። ሰው ጥቂት ነው፣ ሰዓት አለ፣ የመጣው ሁሉ ለመጸለይ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ላኪያችሁን ጎብኙ። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ያልጎበኛችኋቸውን፣ ከዚያ ሌሎቹን። በገንዘብ መጠን አትደርድሩ። ከቆርቆሮ ቤት በየወሩ ትንሽ ብር የምትልክ አጥቢያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደምትቀር ታውቃለች፣ ታዝናለችም።

መንገዱን ክብ አድርጉት። ደጋፊዎቻችሁ ደቡብ ካሉ ከአዲስ አበባ በሆሳዕና አድርጋችሁ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ ደርሳችሁ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ መመለስ ይቻላል። በየሳምንቱ አዲስ አበባ እየተመለሱ እንደገና መውጣት ልጆችንም ኪስንም ይጨርሳል። ከመነሳታችሁ በፊት የየመንገዱን ጸጥታ እዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ።

በአንድ እሑድ ከአንድ አጥቢያ በላይ አትያዙ። የመጀመሪያው ፕሮግራም በሰዓቱ አያልቅም፣ ሁለተኛው ደግሞ እናንተን እየጠበቀ መዝሙር ይደጋግማል።

ውጭ አገር ላሉ ደጋፊዎች በዙም ሪፖርት አቅርቡ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ጉባኤ እሑድ ጠዋት እዚያ 10 ሰዓት ላይ ሲሰበሰብ፣ በእኛ ክረምት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እነሱ በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ምሽት 12 ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮ ስትይዙ የማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ።

4. ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ

- ስንት ደቂቃ ተሰጠን? ስብከትም ይጠበቅብናል ወይስ ሪፖርት ብቻ?
- ፕሮግራሙ በምን ቋንቋ ነው? አስተርጓሚ አለ?
- በቀጥታ ይተላለፋል? በዩቲዩብ፣ በፌስቡክ ወይስ በቴሌግራም?
- ፕሮጀክተር አለ?
- ለባለቤቴ ከእናቶች ወይም ከሴቶች ክፍል ጋር ጊዜ ይገኛል?
- የት እናድራለን? ትራንስፖርቱን ማን ይችላል?

የመጨረሻውን ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዛል። ግን ጠይቁ። ሳይነጋገሩ ቀርተው ጋባዡ «እነሱ ይሸፍናሉ»፣ እንግዳው «እነሱ ይሸፍናሉ» ሲባባሉ፣ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው የልጆቹ የወተት ብር ነው። የተስማማችሁበትን በአጭር መልእክት መልሳችሁ ላኩላቸው።

5. ሪፖርቱን በሦስት ርዝመት አዘጋጁ

አምስት ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። አርባ ደቂቃ ተብሎ መድረክ ላይ ስትደርሱ ማስታወቂያው፣ ሁለቱ ኳየሮችና የልደት ምስጋናው ጊዜውን በልተውት መሪው ጆሯችሁ ላይ «በአምስት ደቂቃ» ይላችኋል። አምስቷን ደቂቃ የተለማመደ ሰው አይደነግጥም። ያልተለማመደው አራቱን ደቂቃ ሰላምታ ያቀርብበታል።

በአምስቱ ደቂቃ የሚገባው አንድ ታሪክ፣ አንድ ችግር፣ አንድ የጸሎት ርዕስ ነው። በአሥራ አምስቱ ፎቶና ሁለተኛ ታሪክ ይጨመራል። በአርባው የቃሉ ክፍል ይገባል።

ታሪኩ የሚታይ ይሁን። ደካማ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ዓመት ጌታ ታላላቅ ነገሮችን አድርጓል። ብዙ ነፍሳት መጥተዋል። በሮች ተከፍተዋል።» ይህን ማንም ሰው የትም ሆኖ ሊለው ይችላል። አሁን ይህን እዩ፦

«መንደራችን ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ጉድጓድ ነው። ባለቤቴ በየማለዳው ጀሪካኗን ይዛ ትሰለፋለች። ከፊቷ የሚሰለፉ አንዲት እናት ሰላምታዋን አይመልሱም ነበር። አንድ ቀን ልጃችን ታሞ ተሸክማው መጣች። እኚያ እናት ዞር ብለው አይተው ጀሪካኗን ወስደው ከራሳቸው በፊት ሞሉላት። አሁን ቤታችን መጥተው ቡና ይጠጣሉ። ስለ ጌታ ገና አልጠየቁንም። እንዲጠይቁን ጸልዩ።»

ቁጥር የለውም፣ ድልም የለውም። ግን ሰሚው ሰኞ ጠዋት ስለ እኚያ እናት ይጸልያል። የሰው ቁጥር መጥቀስ ካለባችሁ በጽሑፍ ሪፖርቱ ላይ አስቀምጡት፤ ባልተጋነነ ልክ፣ ላኪያችሁ ከያዘው ቁጥር ጋር አንድ አድርጋችሁ። ሁለት አጥቢያ ሁለት የተለያየ ቁጥር ከሰማ ቀጣዩን ዓመት በማስረዳት ታሳልፋላችሁ።

ያልተሳካውንም ተናገሩ። የተዘጋ የማንበቢያ ክፍል፣ ወደ ኋላ የተመለሰ አማኝ፣ ገና ያልገባችሁ ቋንቋ። ደጋፊ ሁልጊዜ መልካም ዜና ብቻ ሲሰማ ወይ መጠራጠር ይጀምራል፣ ወይ «እነሱ ምንም አይቸግራቸውም» ብሎ ይዘናጋል።

አስተርጓሚ ካለ ጊዜያችሁ በግማሽ ያንሳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ሰባት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ማስታወሻችሁን ከቀኑ በፊት ስጡት፣ የቦታና የጎሳ ስሞችን አብራችሁ አንብቡ፣ ስትናገሩም በአጭር በአጭሩ ቁረጡለት።

6. ስም፣ ፎቶና ቀጥታ ሥርጭት

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘልለው።

እምነታቸውን በመቀየራቸው ከቤተሰብ የሚባረሩ ወይም የሚደበደቡ ሰዎች ባሉበት አካባቢ የምታገለግሉ ከሆነ፣ መድረክ ላይ የተናገራችሁት አንድ ስም በሰዓታት ውስጥ በስልክ ወደዚያው መንደር ይመለሳል። ድሮ ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ያበቃ ነበር። ዛሬ ሦስት ካሜራ አለ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የሁሉም ሰው ስልክ።

- ከፕሮግራሙ በፊት ከመጋቢውም፣ ካሜራውን ከሚሠሩት ወጣቶችም ጋር በቀጥታ ተነጋገሩ። ለመጋቢው ብቻ ከነገራችሁት መልእክቱ ካሜራው ጋ አይደርስም።
- በሪፖርቱ ጊዜ ሥርጭቱ ይቋረጥ። አይቻልም ካሉ ጥንቃቄ የማያሻውን አጭሩን ሪፖርት ብቻ አቅርቡ፣ ዝርዝሩን ለጸሎት ቡድኑ አስቀሩት።
- «እባካችሁ አትቅረጹ» ብሎ መሪው ያስታውቅ። ከእናንተ አፍ ሲወጣ እንግዳ ያዘዘ ይመስላል።
- የአዳዲስ አማኞችን ፊት አታሳዩ። እጅ፣ ጀርባ፣ የቤት ደጃፍ፣ መንገድ ይበቃል።
- ስም ቀይሩ፣ መቀየራችሁንም ተናገሩ።
- የአካባቢውን ሕዝብ ልማድ ለማሳቂያ አትጠቀሙበት። አዳራሹ ውስጥ የዚያ አካባቢ ተወላጅ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ባይኖርም ያው ነው።

7. ልጆቹን አስቀድማችሁ ጠይቁ

«እስኪ በሐመርኛ አንድ መዝሙር ዘምሩልን» መባሉ አይቀርም። ሕዝቡ በፍቅር ነው የሚጠይቀው። ልጁ ግን በየሳምንቱ አዲስ ሰው ፊት የሚቆም ነው። ቤት ውስጥ ሆናችሁ ጠይቁት፦ መድረክ ትወጣለህ ወይስ ቁጭ ትላለህ? ካልፈለገ መሪውን ቀድማችሁ አሳውቁ። መድረክ ላይ ከእናቱ ነጠላ ኋላ የሚደበቅ ልጅን ማይክ ይዞ ማባበል ማንንም አይጠቅምም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ካለ እዚያ ይግቡ። ከእኩዮቻቸው ጋር ኳስ መጫወት ለእነሱ ዋናው ጉብኝት ነው። ስለ ልጁ የግል ነገር፣ ስለ ሽንቱም ስለ ፍርሃቱም፣ ሳይፈቅድላችሁ መድረክ ላይ አትናገሩ። ትልልቆቹ ይህን አይረሱም።

8. እሑድ ጠዋት

ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ፍላሹ ይሞከራል፣ ከካሜራ ወጣቶቹ ጋር ይነጋገራሉ፣ ልጆች ሽንት ቤቱን ያያሉ። ማይኩን ስትቀበሉ መጀመሪያ ያለፈውን አመስግኑ፤ ከደብተራችሁ ላይ አይታችሁ «ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ጸልያችሁልን ነበር፣ ተገኝቷል» በሉ። የጸለዩት ጸሎት ወዴት እንደሄደ የሚነግራቸው ሰው እምብዛም የለም።

ሚስት በብዙ ቦታ «የሚስዮናዊው ባለቤት» ተብላ ትነሳለች፣ ጉባኤው ያጨበጭብላታል፣ ትቀመጣለች። የአገልግሎቱን ግማሽ የምትሠራው እሷ ናት። ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ አምስቱን ለእሷ አድርጉት፣ ለመሪውም ቀድማችሁ ንገሩ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ግብዣ ይመጣል። አንዱ ቤት ዶሮ ተሠርቷል፣ ሌላው ቤት ቡና ተፈልቷል። ሆሳዕና ከተማ ከሆናችሁ ደግሞ ቅቤ የጠጣ አታካና፣ የሐዲያ ባህላዊ ምግብ፣ ይጠብቃችኋል። ለአንድ ምሳ ብቻ እሺ በሉ፣ የማን ቤት እንደሆነም አጥቢያው ይወስን። እናንተ ከመረጣችሁ ሌላው ይቀየማል። እንዲያም ሆኖ እጃችሁን ይዘው «ሳትቀምሱማ አትሄዱም» የሚሉ እማማ አይጠፉም። «እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ማክሰኞ መጥተን ቡናውን እንጠጣለን» በሉ። ማክሰኞ ደግሞ ሂዱ። የልጆቻችሁን ሆድ ተጠንቀቁ፤ ቅቤና ክትፎ ያልለመደ ሆድ የሰኞውን ጉዞ ያበላሻል።

9. ገንዘብ

መባ ከተሰበሰበላችሁ በአጥቢያው ሒሳብ ክፍል በኩል ይለፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ወደ ላኪያችሁ ሒሳብ ይግባ። ይህ የሚደረገው ለእናንተው ሲባል ነው፤ ጥርጣሬን ያስቀራል።

ሲሰናበቱ ስትጨባበጡ እጃችሁ ላይ የታጠፈ ብር የሚተዉ ይኖራሉ፣ በቴሌብርም የሚልኩ። አመስግኑና «ለቤተሰቡ ነው ወይስ ለአገልግሎቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለቤተሰቡ ከሆነ የእናንተ ነው። ለአገልግሎቱ ከሆነ ያን ዕለት ማታ መዝገቡ ላይ ይስፈር። በማግስቱ ማን ምን እንደሰጠ አይታወስም።

ገጠር ላይ ዶሮ፣ ቅቤ፣ በቆሎ ይሰጣችኋል። ሰጪው ፊት አትመልሱ። ተሸክማችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ዲያቆናቱ እዚያው በጨረታ እንዲሸጡት ጠይቁ። ምእመኑም ጨረታውን ይወደዋል።

ድጋፉ ካነሰ መድረክ ላይ አትናገሩት። ለሚሽን ኮሚቴው፣ ላኪያችሁ እያወቀ፣ በአንድ ገጽ አቅርቡት፦ ቃል ሲገባ የነበረው የቤት ኪራይ፣ የጤፍ፣ የትራንስፖርት ዋጋ፣ አጠገቡ የዛሬው። ውጭ አገር ለምታገለግሉ የምንዛሪውንም መስመር ጨምሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ በብር ያልተነካው ድጋፍ እናንተ ጋ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሆኗል። ብዙ ኮሚቴዎች ይህን ያላሰቡት ስላልፈለጉ ሳይሆን ማንም በወረቀት ስላላሳያቸው ነው።

10. ከጉብኝቱ በኋላ

በሳምንት ውስጥ ምስጋና ላኩ። ለጉባኤው ደብዳቤ፣ ላሳደሯችሁ ቤተሰብ ስልክ። ቃል የገባችሁት ካለ (ፎቶ፣ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር፣ የጸሎት ዝርዝር) ደብተሩ ላይ ጻፉና ሳትመለሱ ፈጽሙት። የቴሌግራም የጸሎት ቡድን ከከፈታችሁ መልእክት የምትለጥፉት እናንተ ብቻ ሁኑ፣ በወር አንዴ። ሁሉም የሚጽፍበት ቡድን በሁለት ሳምንት የመልካም በዓል ምስል ይሞላል።

የመጨረሻውን ሳምንት ባዶ እንዳደረጋችሁት ጠብቁ። መድኃኒት፣ አጎበር፣ የልጆች ደብተርና ጫማ የሚገዛበት ነው። ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ስለሚከፈት የነሐሴን መጨረሻ ለጉብኝት ያዋለ ቤተሰብ ልጆቹን አርፍዶ ያስገባል።

የተለመዱ ስህተቶች

- ስብከት ተጠይቆ ሪፖርት፣ ሪፖርት ተጠይቆ ስብከት ማቅረብ።
- አንዱ አጥቢያ ላይ ስለ ሌላው አጥቢያ ልግስና መናገር። ምስጋና መስሏችሁ ይሆናል፤ የሚሰማው እንደ ወቀሳ ነው።
- 80 ፎቶ ማሳየት። ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ሰው ሰዓቱን ያያል።
- ስለ ላኪያችሁ ያላችሁን ቅሬታ ለደጋፊዎች መንገር። ቦታው በደረጃ 2 ያለው ዝግ ውይይት ነው።
- «ከከተማ ቤተ ክርስቲያን ይልቅ እኛ ጋ ያለው እምነት ይበልጣል» ማለት። ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሪፖርት አይሰማም።
- ያልተሳካን ጉብኝት በዝምታ ማለፍ። መኪና ተበላሽቶ ወይም ልጅ ታሞ ከቀራችሁ ያኑ ዕለት ደውሉ፣ ሌላ ቀንም እዚያው ያዙ። የታረደው በግ የናንተ ነበር።